ወፏ ምን አለች? የኩላሊት ሕመም፣ የደም ፕሮቲንና የልብ ታሪክ

ከደብረ ማርቆስ ተነስቶ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አስፋልት የሚጓዝ ሰው ደምበጫ ሳይደርስ አማኑኤልን ያገኛል። የማቻከል ወረዳ መቀመጫ ናት፤ የደጋው ድንች፣ ገብስ፣ ባቄላና ጤፍ ወደ ገበያዋ ይወርዳል። እንዲህ ባለ የደጋ አገር አንድ ሰው ጠዋት ፊቱ አብጦ ሲነሳ፣ ማታ ደግሞ ጫማ አልገባ ሲለው፣ ቤተሰብ መጀመሪያ የሚያደርገው ነገር አለ። አውራ ጣትን ቅልጥም ላይ ተጭኖ ማንሳትና ስርጉዱ ምን ያህል እንደሚቆይ ማየት ነው። ስርጉዱ ቶሎ ካልሞላ ነገሩ የመንገድ ድካም እንዳልሆነ ይታወቃል። ስሙ ላይ ግን ስምምነት የለም፤ አንዱ ብርድ ይለዋል፣ ሌላው ምች፣ ሌላው ኩላሊት። ይህ ጽሑፍ የሚከራከረው ስለዚያ ስርጉድ ነው። ስርጉዱ አልቡሚን የተባለው ፕሮቲን ከደም ውስጥ እንደጎደለ ሊጠቁም ይችላል፤ የጎደለው አልቡሚን ደግሞ ከኩላሊቱ አልፎ ስለ ልብ ይናገራል። ሕክምና ሁለት መቶ ዓመት በሚጠጋ ጊዜ ውስጥ ይህን ጠቋሚ አንዴ ሳይሰማው እያለፈ፣ አንዴ ደግሞ ራሱን ጥፋተኛ አድርጎ እየያዘው ሲሳሳት ኖሯል። የእኛም አገር የኩላሊት ሕክምና ታሪክ በማሽን ቁጥር ብቻ ከተጻፈ ያንኑ ስህተት ይወርሳል።

ነገሩ የተጀመረው በማንኪያ ነው። በለንደኑ ጋይስ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው ሐኪም ሪቻርድ ብራይት ሰውነታቸው ያበጠ ሕሙማንን ሽንት በማንኪያ ይቀዳና ከሻማ ነበልባል በላይ ይይዘው ነበር። የጤነኛ ሰው ሽንት ቢሞቅም ጥርት እንዳለ ይቆያል፤ የእነዚህ ሰዎች ግን በድስት ውስጥ እንደሚበስል የእንቁላል ነጭ ይረጋና ይነጣል። አልቡሚን የሚለው ስም ራሱ የመጣው የእንቁላልን ነጭ ከሚጠራው የላቲን ቃል ነው። ብራይት ግኝቱን በ1827 እ.ኤ.አ. አሳተመ። አብሮት የሠራው ኬሚስት ጆን ቦስቶክ ደግሞ ደማቸውን መርምሮ በሽንት የወጣው ፕሮቲን ከደሙ መቀነሱን አሳየ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ የኩላሊት ታሪክ ነው። ብራይት ግን ሕሙማኑ ሲሞቱ አስከሬናቸውን ከፍቶ ያይ ነበርና በ1836 እ.ኤ.አ. የመቶ ሰዎችን መዝገብ ሲያወጣ ከግማሽ በላይ በሚሆኑት ላይ ልብ ከመጠኑ በላይ ገዝፎ እንዳገኘ ጻፈ። ምክንያቱንም ገመተ፤ የደሙ ጠባይ በመለወጡ ወይ ልብን በቀጥታ ይቆጣዋል፣ ወይም በደቃቅ ሥሮች ለማለፍ ስለሚከብደው ልብ የበለጠ እንዲገፋ ያስገድደዋል። የደም ግፊት መለኪያ ባልነበረበት ዘመን የተሰነዘረ ግምት ነው። የሽንቱ ፕሮቲን፣ የደሙ ጉድለትና የልቡ መግዘፍ በአንድ ሐኪም ጠረጴዛ ላይ አብረው ነበሩ። ከዚያ በኋላ የመጣው ትውልድ ነው ለየብቻ የበተናቸው።

በእኛ በኩል ሰውነት ከጉዳት የተነሳ እንደሚያብጥ ለማወቅ የለንደን ማንኪያ አላስፈለገም። በ1880 ዓ.ም. የጀመረውና እስከ 1884 ዓ.ም. የዘለቀው ክፉ ቀን ጎጃምን ያገኘው በሁለት በኩል ቆስሎ እያለ ነው። በምጽዋ በኩል የገባው የከብት በሽታ በሬውን ፈጀው፤ አፄ ዮሐንስ ከጎጃሙ ንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ጋር በተጣሉ ጊዜ ደግሞ ጦራቸው አገሩን በላው። በሬ ሲያልቅ እርሻ ይቆማል፤ ላም ስታልቅ ወተትና ቅቤ ይቀራል። እንዲህ ባለ ረሃብ ሰው መጀመሪያ ይከሳል፣ ቀጥሎ ያብጣል። የረሃብ እብጠት አልቡሚን በማነሱ ብቻ የሚመጣ እንዳልሆነ የዛሬ ተመራማሪዎች ይናገራሉ፤ ጉዳዩ አሁንም ያከራክራል። ለእኛ ታሪክ የሚጠቅመው ግን ይህ ነው፤ ፕሮቲን የሚለው ቃል ወደ አገራችን ሲገባ የተከተለው የረሃብን መንገድ ነው። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. ከስዊድን ጋር በተደረገ ትብብር የተቋቋመው የሕፃናት ምግብ ምርምር ክፍል፣ በኋላም የኢትዮጵያ የሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት የሆነው፣ ከስንዴ፣ ከሽምብራ፣ ከአኩሪ አተርና ከወተት ዱቄት አዋሕዶ ፋፋን አወጣ። ስሙ ግሩም ነው፤ የሕፃኑን መፋፋት ይመኛል። በዚህ የተነሳ ግን ፕሮቲን በሕዝብ አእምሮ ውስጥ የሕፃን ጉዳይ ሆኖ ቀረ። የአልጋ ቁራኛ የሆነ አዛውንት፣ በተለይም ኩላሊቱ የደከመ ሰው፣ ፕሮቲኑ ተለክቶ ይጠበቅለት ዘንድ የሚያስታውሰው አልነበረም።

በውጭው ዓለም ደግሞ ትኩረቱን ሁሉ ማሽኑ ወሰደው። ቪለም ኮልፍ በ1943 እ.ኤ.አ. በጀርመን በተያዘችው ሆላንድ፣ ካምፐን በምትባል ከተማ፣ ለቋሊማ መሸፈኛ የሚውለውን ስስ ሴሎፋን በከበሮ ላይ ጠምጥሞ ደም ማጠብ ጀመረ። የመጀመሪያዎቹ ሕሙማን ከሞላ ጎደል ሁሉም ሞቱ፤ በ1945 እ.ኤ.አ. አንዲት የ67 ዓመት ሴት ከሞት ተመለሱ። ያ መሣሪያ ለጥቂት ቀናት ኩላሊቱ ለቆመበት ሰው እንጂ ለዘለቄታው አይሆንም ነበር፤ በታጠበ ቁጥር አዲስ ደም ሥር መቁረጥ ያስፈልጋልና። በ1960 እ.ኤ.አ. የሲያትሉ ሐኪም ቤልዲንግ ስክሪብነር በቴፍሎን ቱቦ አንድ የደም ቧንቧና አንድ የደም መልስን ክንድ ላይ አገናኝቶ ያን ችግር ፈታ። የመጀመሪያው ታካሚ ክላይድ ሺልድስ ይባላል። ቀናት የቀሩት ሰው ነበር፤ 11 ዓመት ኖረ። በ1971 እ.ኤ.አ. የሞተው ግን በኩላሊቱ አይደለም፣ በልቡ ነው፤ ልቡ በድንገት ደም ተቋርጦበት ነው። ከሦስት ዓመት በኋላ እነ ስክሪብነር በሲያትል ለዓመታት ያጠቡትን 39 ሰዎች መዝገብ ሲያወጡ የልብ ሥሮች መጥበብ ሕሙማኑን ከዕድሜያቸው ቀድሞ እንደሚገድላቸው አሳዩ። ማሽኑ ደሙን አጥቧል፤ ብራይት በ1836 ያየው ልብ ግን እዚያው ነበር።

በዚሁ ዘመን ሌላ ታሪክ ጎን ለጎን ይሄድ ነበር፣ የማዕድ ታሪክ። ማሽን ለሌለው ሰው የነበረው ብቸኛ መድኃኒት ምግብን መቀነስ ነበር። ጣሊያናውያኑ ጆርዳኖና ጆቫኔቲ በ1960ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ፕሮቲን በጣም ያነሰበትን አመጋገብ አስተዋወቁ፤ ሕሙማኑ ማቅለሽለሹ ቀነሰላቸው፣ ቀናቸውም ረዘመ። ምክሩ ለጊዜው ልክ ነበር፤ ዛሬም እጥበት ላልጀመረ ሰው ፕሮቲንን በመጠኑ መቀነስ ይመከራል። ጥፋቱ የመጣው ሰውየው ወደ ማሽኑ ከተሻገረ በኋላ አሮጌው ምክር አብሮት ሲሻገር ነው። እያንዳንዱ እጥበት የፕሮቲን መሥሪያ የሆኑ አሚኖ አሲዶችን ከቆሻሻው ጋር አጥቦ ይወስዳል፤ ስለዚህ የሚታጠብ ሰው በቀን ለአንድ ኪሎ ክብደቱ ከ1.0 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ያስፈልገዋል፤ ከጤነኛው ሰው የሚበልጥ ነው። የዚህ ሁሉ ሒሳብ በ1990 እ.ኤ.አ. ተወራረደ። ላውሪና ሊው የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ የሚታጠቡ ከ12 ሺህ በላይ ሰዎችን የላብራቶሪ ውጤት ከሞታቸው ጋር ሲያነጻጽሩ፣ ከምርመራዎቹ ሁሉ ሞትን አጉልቶ የሚጠቁመው አልቡሚን ሆኖ ተገኘ። በ1993 እ.ኤ.አ. በ13,473 ሰዎች ላይ የታተመው ጥናት ልኩን አስቀመጠው። አልቡሚናቸው በዴሲ ሊትር ከ4.0 እስከ 4.4 ግራም ከሆኑት ጋር ሲተያዩ፣ ከ3.5 እስከ 3.9 የሆኑት የመሞት ዕድላቸው በግማሽ ያህል ይጨምራል፤ ከ3.0 እስከ 3.4 የሆኑት ደግሞ ሦስት እጥፍ ይሆናል። ልብ እንበል፤ 3.7 በብዙ ላብራቶሪ ወረቀት ላይ ጤናማ ተብሎ የሚታለፍ ቁጥር ነው። ከዚያ በ1996 እ.ኤ.አ. በካናዳ 432 ታጣቢዎችን ለዓመታት የተከታተሉት እነ ፎሊ አልቡሚን ዝቅ ባለ ቁጥር አዲስ የልብ መድከምና የልብ ሥር መጥበብ እንደሚበዛ አሳዩ። የተበተነው ነገር ከ160 ዓመት በኋላ እንደገና አንድ ጠረጴዛ ላይ ተገናኘ።

የኩላሊቱ ጉዳይ ከልብ ጋር ምን አገናኘው? አልቡሚንን የሚሠራው ጉበት ነው፤ አንድ ጊዜ የተሠራው ደም ውስጥ ሦስት ሳምንት ገደማ ይሠራል። ዋና ሥራው ውኃን ደም ሥር ውስጥ ይዞ ማቆየት ነው። ሲያንስ ውኃው ወደ ሥጋ ይሾልካል፤ ቅልጥም ላይ የምናየው ስርጉድ ይህ ነው። እጥበት ላይ ማሽኑ ትርፍ ውኃን የሚስበው ከደም ሥር ነው፤ ሥጋ ውስጥ የተኛው ውኃ ደግሞ በጊዜው ተመልሶ ክፍተቱን መሙላት አለበት። የሚስበው አልቡሚን ከሌለ አይመለስም። ያኔ ግፊቱ በድንገት ይወርዳል፣ ሰውየው ይጨልምበታል፣ ልቡም ለደቂቃዎች ደም ያጥረዋል። ይህ በየሳምንቱ ሲደጋገም የልብ ጡንቻ በጥቂት በጥቂቱ ይጎዳል። የኩላሊቱ ማጣሪያ ተቀዶ ፕሮቲን በሽንት በሚፈስበት ዓይነት ሕመም ደግሞ ጉበት የጎደለውን ለመተካት ሲጣደፍ ደም የሚያረጉ ነገሮችንና ኮሌስትሮልን አብሮ ያበዛል፤ ደም ሥር ውስጥ መርጋትም ይከተላል። ከሁለቱም በላይ ክፉው ግን ሦስተኛው ነው። ሰውነት ውስጥ እሳት ሲኖር፣ የተመረዘ ቱቦ ወይም የታመመ ጥርስ ወይም ድብቅ ሳንባ ነቀርሳ፣ ጉበት አልቡሚን መሥራቱን ይተውና የጦርነቱን ፕሮቲኖች ማምረት ይይዛል። ያው እሳት የልብ ሥሮችን ግድግዳ ያቆስላል።

እዚህ ላይ አንድ ብርቱ ተቃውሞ ይነሳል፤ እንዲህ ከሆነ የጎደለውን አልቡሚን በመርፌ ሰጥቶ መጨረስ አይቻልም ወይ? ጥያቄው የሚገባ ነው፤ ሕክምናም ሞክሮታል። ኤድዊን ኮን በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ አልቡሚንን ከደም ለይቶ ማውጣትን ከቻለ በኋላ ብዙ ጽኑ ሕሙማን ጠርሙሱ ተሰቅሎላቸዋል። በ2004 እ.ኤ.አ. በአውስትራሊያና በኒውዚላንድ 16 የጽኑ ሕሙማን ክፍሎች ውስጥ 6,997 ሰዎች በዕጣ ተከፍለው ግማሹ አልቡሚን፣ ግማሹ ተራ የጨው ውኃ ተሰጠው። በ28 ቀን ውስጥ አልቡሚን ካገኙት 726፣ ጨው ውኃ ካገኙት 729 ሞቱ። ልዩነት የለም ማለት ነው። ይህን ውጤት ይዞ አንዳንዱ ወደ ሌላኛው ጠርዝ ይሄዳል፤ እንግዲያው አልቡሚን ዋጋ የለውም፣ መለካቱም ገንዘብ ማባከን ነው ይላል። ሁለቱም ወገን የተሳሳተው በአንድ ቦታ ነው፤ ጠቋሚንና ጥፋተኛን አልለየም። በአገራችን የቀድሞ ሥርዓት ልዩነቱ የታወቀ ነበር። በአውጫጭኝ ጊዜ ስርቆት ወይም ቃጠሎ ደርሶ አድራጊው ሲጠፋ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተሰብስቦ ይቀመጥና ጥፋተኛውን በስውር የሚጠቁመው ሰው ወፍ ይባል ነበር። ወፏ የምትለውን ሰምቶ ሌባውን መፈለግ የሽማግሌው ሥራ ነው። ወፏን መቀለብ ሌባውን አያስይዝም፤ ወፏን ዝም ማሰኘትም አያስይዝም። አልቡሚን በመርፌ መስጠት መቀለቡ ነው፣ አለመለካት ደግሞ ዝም ማሰኘቱ። ጽኑ የጉበት ሕመምን በመሰሉ ሁኔታዎች መርፌው ቦታ እንዳለው አይካድም፤ እኔ የምናገረው ስለ ኩላሊትና ልብ ነው።

በጽኑ ሕሙማን ክፍል ውስጥ ወፏ ቋንቋዋን እንደምትለውጥም ማወቅ ያሻል። ሦስት ሳምንት ደም ውስጥ ይቆያል ያልነው ፕሮቲን በከባድ ኢንፌክሽን ጊዜ በሰዓታት ውስጥ ሊያሽቆለቁል ይችላል፤ ደም ሥሮች ስለሚያሾልኩና በጉሉኮስ መስመር የሚገባው ፈሳሽ ስለሚያቀጥነው ነው። ያ ቁጥር ሰውየው ትናንት ሽሮ አልበላም ማለት አይደለም፤ አደጋው ምን ያህል እንደጠለቀ ይናገራል። ኩላሊቱ ትናንት ደህና የነበረ ሰው እንኳ አልቡሚኑ ሲወርድ ኩላሊቱ በድንገት የመቆም ዕድሉ ይጨምራል። ካልሲየምም 40 በመቶ ያህሉ ከአልቡሚን ጋር ተጣብቆ ስለሚሄድ፣ አልቡሚን ባነሰበት ሰው ላይ ጠቅላላ ካልሲየም ያነሰ ይመስላል፤ ይህን ሳያሰላስል ካልሲየም የሚሰጥ ሐኪም የልብ ምትን ሊያናጋ ይችላል። ትሮፖኒን የሚባለው የልብ ጡንቻ ፕሮቲንም እንዲሁ ነው፤ ኩላሊቱ የደከመ ሰው ልቡ ዛሬ ባይጎዳም ከፍ ብሎ ይገኛልና ከአንድ ቁጥር ይልቅ በሰዓታት ልዩነት የተወሰዱ ሁለት ቁጥሮች ናቸው የሚታመኑት።

አሁን ወደ አገር ቤቱ ታሪክ እንመለስ። ቋሚ የኩላሊት እጥበት በአዲስ አበባ የግል ሆስፒታሎች በ2000ዎቹ መጀመሪያ እ.ኤ.አ. ተጀመረ፤ የመንግሥት ሆስፒታሎች ቆይተው ተከተሉ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ደግሞ በቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሜዲካል ኮሌጅ፣ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ጋር በተደረገ ትብብር፣ የመጀመሪያው የኩላሊት ንቅለ ተከላ በአገር ውስጥ ተከናወነ። በዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የኩላሊት ሕመምተኞች እጥበት በጎ አድራጎት ድርጅት ከሕዝብ በሚሰበስበው ገንዘብ አቅም የሌላቸውን ያሳጥባል። ባሕር ዳርና ጎንደርም የራሳቸው ማሽን አላቸው። ይህ ትልቅ ነገር ነው፤ ማንም አያሳንሰው። ዜናው ግን ሁልጊዜ የሚቆጥረው ስንት ማሽን እንደገባ ነው። ልኩ በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው አራት ሰዓት ሆኖ ሳለ ብዙ ኢትዮጵያዊ በአቅም ማጣት የሚታጠበው ሁለቴ ነው። ከአማኑኤል ለሚነሳ ሰው ደግሞ እጥበቱ ማሽኑ ባለበት ከተማ ቤት መከራየትን ወይም አባይ በረሃን መውረድና መውጣትን ይጨምራል። በክንዱ ላይ ፊስቱላ (የደም ቧንቧና የደም መልስ መጋጠሚያ) እስኪሠራለት አንገቱ ሥር በገባ ቱቦ ሲታጠብ ይከርማል፤ ቱቦው የኢንፌክሽን በር ነው፣ የኢንፌክሽኑ የመጀመሪያ ምልክትም አንዳንዴ ትኩሳት ሳይሆን የአልቡሚን መውረድ ነው። ማሽን ባልተዳረሰበት አገር ስለ ፕሮቲን ልኬት ማውራት ቅንጦት ነው የሚል ይኖራል። እኔ ነገሩን በተቃራኒው አየዋለሁ። የሦስተኛውን ቀን እጥበት ላጣ ሰው የልቡ ሸክም ከሌላው ይበልጣል፤ አልቡሚን ደግሞ ከአንድ እጥበት እጅግ በረከሰ ዋጋ፣ ተራ የኬሚስትሪ መሣሪያ ባለበት ላብራቶሪ ሁሉ ሊለካ ይችላል። አቅም ሲያንስ ርካሹን ጠቋሚ መተው ነው ቅንጦቱ።

የቀረው ማዕዱ ነው፤ በማቻከል ማዕድ ላይ ደግሞ ችግሩ ዓይን ያወጣ ነው። ሐኪሙ ፖታሲየም ልብን ያቆማል ብሎ ድንችን ይከለክላል፤ እውነቱን ነው። ባቄላና ሽሮም ፖታሲየምና ፎስፈረስ አለባቸውና አብረው ይከለከላሉ። ሥጋ ውድ ነው። ወተትና እንቁላል ደግሞ የጾም ቀን አይነኩም፤ አጽዋማቱን ሁሉ የሚያከብር ሰው በዓመት እስከ 250 ቀን ይጾማል። ክልከላው ሁሉ ሲደመር ሳህኑ ላይ የሚቀረው እንጀራ ብቻ ይሆናል፤ 55 ኪሎ የሚመዝነው ታጣቢ በቀን የሚያስፈልገው ቢያንስ 55 ግራም ፕሮቲን በዚህ አይሞላም። እምነትን ከሕክምና ጋር ማጋጨት ነው የሚል ተቃውሞ ቢነሳ መልሱ ከቤተ ክርስቲያን መጽሐፍ ይገኛል፤ ፍትሐ ነገሥት ስለ ጾም በሚናገረው አንቀጽ 15 ላይ ሕመምተኛን ከግዴታው ያወጣዋል። ስለዚህ ነገሩን ከሐኪሙ እኩል የንስሐ አባትም ይነጋገርበት ዘንድ ተገቢ ነው፤ ብዙ ታጣቢ የሚጾመው የሚፈቅድለት ስላጣ እንጂ ሥርዓቱ ስላስገደደው አይደለም። ክልከላውም ቢሆን መላ አለው። ድንቹን ልጦ፣ አሳንሶ ቆራርጦ፣ በብዙ ውኃ ቀቅሎ ውኃውን መድፋት የፖታሲየሙን ትልቅ ክፍል ይወስደዋል። የአንድ እንቁላል ነጭ ብቻውን ሦስት ግራም ተኩል ያህል ፕሮቲን ይሰጣል፤ ፎስፈረሱ ኢምንት ነው። ብራይት በማንኪያው ውስጥ ሲረጋ ያየው ነገር የመሰለው ያው ነጭ፣ አማኑኤል ገበያ ላይ ከዶሮዋ ጋር ይሸጣል። ከአንድ ወር በፊት 3.9 የነበረው ቁጥር ዛሬ 3.4 ሆኖ ሲመጣ ሐኪሙ መጀመሪያ ቱቦውን፣ ቀጥሎ ጥርሱንና ሳንባውን፣ ከዚያም ሰውየው ትናንት ምን እንደበላ ይጠይቃል። ለዚህ የሚያስፈልገው ሁለቱ ቁጥሮች በአንድ ወረቀት ላይ ጎን ለጎን መጻፋቸው ነው፤ ወረቀቱም በሽተኛው ኪስ ውስጥ ሆኖ ከእሱ ጋር መንገዱን መሄድ አለበት።